ከውርጭ አገር ወደ ረግረግ ዳር
የክረምት መግቢያና የሀደራ ታሪክ



በየዓመቱ የስግድ በዓል ሲቃረብ ከባሕሩ በኩል ጥቁር ደመና ወደ ሀደራ ይመጣል። ለወራት ደርቆ የከረመው መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ ሲቀምስ የአቧራና የባህር ዛፍ ሽታ ከመንገዱ ይነሣል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ክረምት ገባ» ይላሉ። አንድ ቀን ከወገራ የመጡ አንዲት እናት ይህን ሰምተው «በኅዳር ደግሞ ምን ክረምት አለ? ኅዳር የአጨዳ ወር ነው እንጂ» ብለው ሲስቁ አጠገባቸው ነበርሁ። የልጅ ልጃቸውም አብራ ሳቀች፤ ነገር ግን አያቷ የሳቁበትን ነገር አላወቀችውም።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ሳቅ ነው። ሀደራ በታሪኳ ሁለት ጊዜ የብርድ አገር ሰዎችን ተቀብላለች። የመጀመሪያዎቹ ከሰሜን አውሮፓ፣ ሐይቁ በክረምት እንደ ድንጋይ ከሚጠጥርበት አገር የመጡት መሥራቾቿ ናቸው። ሁለተኞቹ እኛ ነን፤ ከስሜን፣ ከወገራ፣ ከጃናሞራና ከሌላውም ደጋ የወረድን ቤተ እስራኤል። ሁለቱም ወገኖች ብርድን ያውቁ ነበር፤ ብርድም አልገደላቸውም። የገደላቸው በመንገዳቸውና በመድረሻቸው የጠበቃቸው፣ የማያውቁት የቆላ ንዳድ ነው። ይህን ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን አድርገን ብናየው ስለ ሀደራም ስለ ራሳችንም የምንማረው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

ክረምትና በጋ ቦታ ሲለዋወጡ

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ደጋ ዝናቡ የሚጠናው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የጥንቱ የዘመን አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ይኸውም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጸደይ ይባላል። በገበሬው አነጋገር ግን ነገሩ አጭር ነው፤ ሲዘንብ ክረምት፣ ሲደርቅ በጋ።

በእስራኤል አገር ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ የዓመቱ ዝናብ በሙሉ ማለት ይቻላል ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይወርዳል። «ሖሬፍ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል «ክረምት» ብለን ስንተረጉመው ዝናቡን በተመለከተ ልክ ነን፤ ወሩን በተመለከተ ግን ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር እንናገራለን።

ከዚህም በላይ አንድ ልዩነት አለ። በእስራኤል ዝናቡና ብርዱ አብረው ይመጣሉ። በደጋው አገራችን ግን ኃይለኛው ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና እንደ ቡልኮ ስለሚሸፈን መሬቱ ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት አያጣውም። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጥርት ሲል ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ በዚያ ብርድ ሰውነት የሚያሞቅ፣ ቢያንስ አንድ አጥንት የሚጋጥ ነገር ያስፈልጋል ሲሉ ነው።

ቋንቋችንም ለዚህ ብርድ ብዙ ስም አለው። መሬቱን የሚያነጣው ውርጭ ነው፤ እንደ አመድ ብን ብሎ የሚታየው አመዳይ ነው፤ ከሰማይ የሚወርደው ጠጣር ነገር በረዶ ነው። በረዶ የሚለው ቃል ለእኛ ሁሉንም ይጠቀልላል፤ ዕብራይስጥ ግን ከደመና ጠጥሮ የሚወርደውን «ባራድ»፣ እንደ ባዘቶ የሚወርደውን «ሼሌግ»፣ የረጋውን ውኃ «ኬራህ»፣ ውርጩን «ክፎር» እያለ ይለያል። «ባራድ» የሚለው ከእኛው «በረዶ» እና «ብርድ» ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው። ኡልፓን ስንማር ይህን ያስተዋልን ሰዎች ከረጅም ዘመን በኋላ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎን ነበር።

የውርጭ አገር ኑሮ

በአገራችን የደጋው ደጋ ራሱ ስሙ «ውርጭ» ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ካልን በኋላ ከ3200 ሜትር በላይ ያለውን ከፍታ ውርጭ እንለዋለን። የስሜን ተራሮች ራስ ዳሸንን ይዘው ከ4500 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በዚያ ከፍታ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ኩሬው ላይ ስስ ብርጭቆ የመሰለ በረዶ ይጋገራል፤ ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ከቆየች በኋላ ይሟሟል። ከዓመት ዓመት የሚታየን የበረደ ሐይቅ የለንም፤ በየማለዳው የሚበርድና በየረፋዱ የሚፈታ ኩሬ ግን ነበረን።

የስሜን ብርድ በጽሑፍ የሚታወቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። ኮስማስ የተባለው የግሪክ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ ወደብ በመጣ ጊዜ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ጽሑፉ ከእርሱ ዘመን በፊት የነበረ፣ ስሙ ተጽፎ ያልቆየልን አንድ የአክሱም ንጉሥ ያደረጋቸውን ዘመቻዎች የሚቆጥር ነው። ከወጋቸው ሕዝቦች መካከል የስሜንን ሰዎች ሲጠቅስ፣ አገራቸው ለመውጣት የሚያስቸግር ተራራ እንደሆነ፣ ውርጭና በረዶ እንደማይለየውና ሰው እስከ ጉልበቱ በበረዶ እንደሚሰምጥ ይናገራል። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ የገለበጠው ቃል ግን ተርፏል። እንግዲህ ቤተ እስራኤል በኋላ ዘመን ከነገሥታቱ ጋር እየተዋጋ ለብዙ ጊዜ የጸናበት ስሜን በዓለም ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ የገባው ከነብርዱ ነው።

በኅዳር ወር የነበረውን ኑሮ የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ኅዳር የሥራ ወር ነበር። ገብሱ ይታጨዳል፣ ይወቃል። ማጭዱን የሚሠራው፣ የደነዘዘውን የሚስለው የእኛው ቀጥቃጭ ስለሆነ ወናፉ ከአጨዳው አስቀድሞ ሥራ ይበዛበታል። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ጋቢና ቡልኮ ይሠራል፤ ብርዱ ለእርሱ ገበያ ነው። ሸክላ ሠሪ እናቶችም በክረምት እርጥበት ያልደረቀላቸውን ጭቃ አሁን ፀሐይ ስላገኘላቸው ምጣዱን፣ እንስራውንና ጀበናውን ሠርተው፣ አድርቀው፣ በኩበትና በእንጨት ተኩሰው ለገበያ ያወጣሉ።

ማታ ማታ ሰው ሁሉ ወደ ምድጃው ይሰበሰባል። የገብስ ቆሎ ይቆላል፤ ኮረፌ ካለ ይጠጣል። ከብቱ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋጥ ስለሚያድር ትንፋሹ ቤቱን ያሞቀዋል። ጋቢ የሌለው ደበሎ ይለብሳል። ይሁን እንጂ የሰንበት ሌሊት ከሌላው ሌሊት ይለይ ነበር። በሕጋችን መሠረት በሰንበት እሳት አይነድም፤ አስቀድሞ የተቀጣጠለውም ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠፋል። ምግቡም ዓርብ የተዘጋጀው፣ የቀዘቀዘው ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል። ለዚህም ነው መንደሮቻችን ከወንዝ አጠገብ የሚሠሩት። የወገራን የኅዳር ወንዝ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። ከዚያ ብርድ ወጥቶ፣ እሳት በሌለው ቤት፣ ቤተሰቡ ተጠጋግቶ በጋቢ ውስጥ ሰንበትን ይቀበላል። ዛሬ በማሞቂያ አጠገብ ለተቀመጡ ልጆቻችን ይህን ስንነግራቸው ስለ ድህነት የምንነግራቸው ይመስላቸዋል። እኛ ግን የምንነግራቸው ስለ ሕግ መጠበቅ ነው።

ስግድም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። ከአስተሥርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር በማርሔሽቫን 29 ይከበራል። ጊዜው ለሕዝቡ የተመቸ ነበር፤ የክረምቱ ወንዝ ጎድሎ መሻገሪያው ተከፍቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ከሩቅ መንደር የሚመጣው ሰው የቀናት መንገድ ተጉዞ እንደ አምቦበር ካሉት ሥፍራዎች ይደርሳል። ጾሞና ነጭ ለብሶ ቄሶቹን ተከትሎ ተራራ ይወጣል። የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን የአገር በዓል አድርጎ በሕግ አጽድቆታል። አሁን በኢየሩሳሌም ስናከብረው አንዳንድ ዓመት ዝናብ ያገኘናል፤ የቄሶቹ የክብር ጃንጥላ የዝናብም ጃንጥላ ይሆናል።

የሰሜኑ ሐይቅ ሰዎች

አሁን ወደ ሌላው ብርድ እንሻገር። ሀደራን የመሠረቱት የ«ሖቬቬ ጽዮን» ማኅበር አባላት አብዛኞቹ ከሊትዌኒያና ከላትቪያ፣ ይኸውም ከቪልና፣ ከኮቭኖ፣ ከሪጋና ከአካባቢያቸው የመጡ ነበሩ። ያ አገር ሜዳና ደን ነው፤ ሐይቁም ብዙ ነው። ከቪልና ብዙም በማይርቀው በትራካይ ብቻ እንኳ ከተማዋ በሐይቆች መካከል ተቀምጣለች።

በዚያ አገር የክረምት መግቢያ ከእኛ እጅግ ይለያል። በጥቅምት ቅጠሉ ይረግፋል፤ በኅዳር ቀኑ ያጥራል፤ ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ ይጨልማል። ሐይቁ መጀመሪያ ከዳርና ዳር ይበርዳል፤ ከዚያ በኋላ በብርቱ ዓመት መሐሉም ይገጥማል። ጀልባ ወደ ደረቅ ይወጣል፤ መንኮራኩር ያለው ጋሪ ይቀመጥና በበረዶ ላይ የሚንሸራተት፣ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ይወጣል። ትናንት በጀልባ ይቀዝፉበት የነበረውን ውኃ ዛሬ በእግርና በፈረስ ይሻገሩታል። ዓሣ አጥማጁ በረዶውን በምሳርና በዘንግ ሰብሮ መረቡን ከሥሩ ያስገባል። በረዶውም ራሱ ሀብት ነው፤ በመጋዝ እንደ ጥርብ ድንጋይ ተቆርጦ በጭድ ወይም በእንጨት ብናኝ ተሸፍኖ በጎተራ ይከማችና እስከ በጋ ድረስ ምግብ ያቆያል።

ቤታቸውም ለብርዱ የተሠራ ነበር። ግድግዳው ወፍራም ግንድ ነው፤ መስኮቱ በክረምት ድርብ ይሆናል፤ በቤቱ መካከል ከጡብ የተሠራ ትልቅ ምድጃ አለ፤ ሽማግሌና ሕፃን በላዩ ይተኛሉ። እነርሱም በሰንበት እሳት አያነዱም። ይሁንና ዓርብ የነደደው ምድጃ ሙቀቱን በጡቡ ውስጥ ይዞ ስለሚያድር፣ በረቢዎቻቸው ሕግ ደግሞ አስቀድሞ የተቀጣጠለው እንዲነድ ስለሚፈቀድ ምግባቸውን ትኩስ ይበሉ ነበር። እኛ በቀዝቃዛ ምግብ፣ እነርሱ በትኩስ ድስት፣ ሁለታችንም በብርድ አገር አንድ ሰንበት እንጠብቅ ነበር።

ንዳድ በዚያ ሰሜን ፈጽሞ የማይታወቅ ባይሆንም እንደ ቆላው ዓይነት ገዳይ አልነበረም። ረጅሙ ውርጭ ትንኙን ለብዙ ወራት ከሥራ ያግደዋል። ስለዚህ ያ ሕዝብ ውኃን በዓይኑ ሲያይ ዓሣን፣ ወፍጮን፣ መንገድን ያስብ ነበር እንጂ ሞትን አያስብም ነበር።

ሀደራ፣ እ.ኤ.አ. 1891

የሀደራን መሬት እ.ኤ.አ. በ1891 የገዛው ዬሆሹዓ ሐንኪን ነው። ስፋቱ ወደ 30,000 ዱናም ይደርሳል። ሐንኪን በዚያን ጊዜ ገና ሃያዎቹን ያልጨረሰ ወጣት ነበር፤ ባለቤቱ ኦልጋ ሐንኪን አዋላጅ ነበረች። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ግቭዓት ኦልጋ ስሟን ያገኘችው ከእርሷ ነው።

የቦታው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ አረንጓዴ ማለት ነው። አረንጓዴም ነበረ፤ ምክንያቱም ውኃ ያልተለየው ረግረግ ነበር። ከተራራው የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ወደ ባሕር እንዳይገባ የአሸዋው ኮረብታ ያግደዋል፤ ውኃውም በሸምበቆ መካከል ይተኛል። መሥራቾቹ በመጀመሪያ የተጠለሉት «ኻን» በሚባል የድንጋይ ግቢ ሲሆን፣ ይህ ሕንጻ ዛሬ የከተማዋ ታሪክ ሙዚየም ነው። ከሰሜን ሐይቅ ዳር የመጣ ሰው ያንን ሜዳ በአረንጓዴነቱ ሲያየው መልካም መሬት መስሎ ታየው። ለመልካምነቱም ስህተት አልነበረውም፤ ዛሬ በብርቱካኑ የታወቀ ለም አፈር ነው። ያልታየው በውኃው ውስጥ የሚፈለፈለው ነው።

ሰው ወባን የሚያስተላልፈው ትንኝ መሆኑን ሮናልድ ሮስ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሀደራ ከተመሠረተች ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1891 ሐኪሙም ገበሬውም በሽታው ከረግረግ ከሚነሣ መጥፎ አየር የሚመጣ ይመስለው ነበር። ስለዚህ መስኮት ዘግተው ከአየሩ ይሸሹ ነበር እንጂ ከትንኟ የሚሸሹበትን መንገድ አያውቁም ነበር። በሽታው የሚበረታው ደግሞ ከበጋው መጨረሻ እስከ ክረምቱ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። በትውልድ አገራቸው በዚህ ወቅት ሰው እንጨት ከምሮ፣ መስኮት ደርቦ፣ ሐይቁ እስኪበርድ ይጠብቅ ነበር። በሀደራ ግን በዚያው ወቅት ሬሳ ይቆጥር ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ540 ሰዎች መካከል 210ሩ በወባ መሞታቸውን የአሮጌው መቃብር ድንጋዮች ይመሰክራሉ።

ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ረግረጉን ለማድረቅ ገንዘብ ሰጠ። ቦዩን ለመቆፈር ከግብጽ ሠራተኞች መጡ፤ ከእነርሱም ብዙዎች በዚያው በሽታ ሞቱ። የእነዚህ ሰዎች ስም በከተማዋ አደባባይ ብዙ ሲነሣ አይሰማም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሞታቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው። ዶክተር ሂለል ያፌም ከዝክሮን ያዕቆብ እየተመላለሰ በሽተኞችን አከመ፤ በኋላም ስለ ትንኟ ሲታወቅ ከወባ ጋር በሚደረገው ትግል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። ዛሬ አብዛኞቹ የሀደራ ልጆቻችን የተወለዱበት ሆስፒታል በእርሱ ስም ይጠራል።

እኛስ እናውቅ አልነበረምን?

ደገኛው ሕዝባችን የትንኟን ነገር በሳይንስ ባያውቅም በልምድ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ቆላ ይገድላል። ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወደ ቆላ ለአጨዳ ወይም ለንግድ የወረደ ሰው በተቻለው መጠን ሳያድር ለመመለስ ይጥር ነበር። ቤት የሚሠራው በአምባ ላይ፣ እርሻው ከታች የሚሆነው አንድም ለዚህ ነው። ንዳድ ይዞት የተመለሰ ሰውም ነበር፤ በቀን ፀሐይ ሲንቀጠቀጥ ያየ ልጅ አይረሳውም።

ይህ ልምድ ግን ሁልጊዜ አያድንም። በጣና ሐይቅ ሰሜን የሚገኘው የደምቢያ ሜዳ ለዚህ ምስክር ነው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ አይበርድም። በክረምት ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ትንኙ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7000 የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ዕልቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወረርሽኙ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ተስፋፍቶ የ150,000 ሰው ሕይወት እንዳጠፋ ይገመታል። ስለዚህ በሰሜን ኢትዮጵያ ሐይቅ ዳር የክረምት መውጫ፣ በሀደራ ረግረግ ዳር የክረምት መግቢያ፣ ሁለቱም በአንድ ወራት የሚውሉ የሐዘን ጊዜያት ነበሩ።

ከዚያም የእኛ ጉዞ መጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ይልቁንም በ1984፣ ሕዝባችን ከደጋው ወጥቶ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ወደ ሱዳን ወረደ። ከውርጭ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ በረሃ። በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባና በተዋዋ ሰፈሮች የተከማቸው ደገኛ ሰውነቱ ለዚያ ሙቀትም ለዚያ በሽታም አልተዘጋጀም ነበር። ወባው፣ ኩፍኙ፣ ተቅማጡና ረሃቡ ተባብረው ሕፃኑንና ሽማግሌውን አጨዱት። በመንገድና በሰፈር ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4000 እንደሚደርሱ ይገመታል። «ቆላ ይገድላል» የሚለውን ያውቁ ነበር፤ አውቀውም ወረዱ፤ ኢየሩሳሌም በዚያ በኩል ነበረችና። ከ2007 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ የመታሰቢያ ሥፍራ ቆሞላቸዋል።

ከሞት የተረፉትን ያመጣው የሙሴ ዘመቻ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 ነው፤ በጥር 1985 መጀመሪያ ተቋረጠ። ወቅቱን ልብ በሉ። ሕዝባችን ከገዳሪፍ ትኩሳት ተነሥቶ በአንድ ሌሊት የእስራኤል ክረምት መግቢያ ላይ ወረደ። ብዙው ባዶ እግሩን፣ በስስ ልብስ ነበር። ከአውሮፕላኑ በር ላይ ያ ቀዝቃዛ የሌሊት ነፋስ ሲመታቸው «የአገራችን ብርድ» ያሉ እናቶች እንደነበሩ ከአንዳቸው ሰምቻለሁ። ለብዙ ወራት ከተለዩት በኋላ ፊታቸውን የነካቸው ብርድ ምልክት ሆኖ ታያቸው። ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች መጡ። በተከተሉት ዓመታት ብዙ ቤተሰቦች በሀደራ ቤት ገዝተው ተቀመጡ፤ ሀደራም ሕዝባችን በብዛት ከሚገኝባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች።

ባህር ዛፍና ኪኒን

ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኙ ሁለት ትናንሽ ምስክሮች አሉ፤ አንዱ ዛፍ ነው፣ አንዱ ቃል ነው።

ዛፉ ባህር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በ1890ዎቹ በሀደራ ረግረግ ዳርና ዳር በብዛት ተተከለ፤ ውኃውን ይመጥጣል፣ አየሩን ያጠራል ተብሎ ታምኖበት ነበር። በዚያው በ1890ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ያው ዛፍ ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያ ደግሞ የተፈለገው ለማገዶና ለቤት ሥራ ነበር። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባህር ዛፍ ተባለ። እዚህ ሞትን ለመከላከል፣ እዚያ ብርድን ለመከላከል ተተከለ ማለት ነው። በሀደራ የዛፉ ጥላ ሥር የሚቀመጡ አባቶቻችን ቅጠሉን አሽተው ሲያሸቱ አያለሁ። ጉንፋን የያዘው ሰው በአገራችን በዚህ ቅጠል ይታጠን እንደነበር የማያስታውስ ማን አለ?

ቃሉ ኪኒን ነው። በአማርኛ ማንኛውንም የሚዋጥ መድኃኒት ኪኒን እንላለን፤ ቃሉ ግን የመጣው ወባን ከሚፈውሰው «ኪኒን» ከተባለው መራራ መድኃኒት ስም ነው። የሀደራ መሥራቾች በየዕለቱ የዋጡት፣ ዶክተር ያፌ ያደለው መድኃኒት ይኸው ነበር። እኛ ለራስ ምታት «ኪኒን ስጡኝ» ስንል ሳናውቀው የወባን ታሪክ እንጠራለን።

ለልጆቻችን የምንተወው

በእስራኤል አገር የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ «ዮሬ»፣ የመጨረሻው «ማልቆሽ» ይባላል፤ ሁለቱም በኦሪት ዘዳግም ተጠቅሰዋል። የዳስ በዓል ካለቀ በኋላ ግን የዝናብ ልመና ወዲያው አይጀመርም። በዚህ አገር የሚለመነው ከማርሔሽቫን 7 ጀምሮ ነው። ምክንያቱን ሚሽና ሲናገር፣ በበዓሉ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የነበረው የመጨረሻው መንገደኛ ወደ ኤፍራጥስ እስኪደርስ ዐሥራ አምስት ቀን ይሰጠው ይላል። ገበሬው ዝናቡን አጥብቆ እየፈለገ፣ ሩቅ መንገደኛ በጭቃ እንዳይያዝ ብሎ ይታገሣል። ይህን ሕግ በዚህ አገር በተማርሁ ጊዜ የእኛ መንገደኞች ትዝ አሉኝ። ቤታቸው ያልደረሱ መንገደኞች አሉን፤ የሀደራ መሥራቾችም የደረሱ መስሏቸው ከበሩ ላይ የቀሩ መንገደኞች አሏቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በዚህ ዓመት የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ኻኑ ሙዚየም ሂዱ፤ የምንኖርባት ከተማ በማን ሞት እንደቆመች ይወቁ። ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ያሉትን አዛውንት ጠይቁ፤ ውርጭ ምን እንደሚመስል፣ በሰንበት ሌሊት ያለ እሳት እንዴት እንደሚታደር፣ ከየትኛው አምባ ተነሥተው በየትኛው ቆላ እንደወረዱ፣ ማንን የት እንደቀበሩ ይንገሯችሁ፤ እናንተም ጻፉት ወይም በድምፅ ቅረጹት። ሰዎቹ በዕድሜ እየገፉ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ቃሎቹም ይሄዳሉ።

ያቺ የወገራ እናት ባለፈው ኅዳር ዝናቡ ሲጀምር በመስኮት ቆመው ነበር። የልጅ ልጃቸው «አያቴ፣ ክረምት ገባ» አለቻቸው። በዚህ ጊዜ አልሳቁም። «ተይ ልጄ፣ መጸው በይው» አሉና አጠገባቸው አስቀምጠው ኅዳር ምን እንደነበረ ይነግሯት ጀመር።